ቀለሙ የተፋቀው ክንፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ በገዛ እጁ አውሮፕላን የሠራ።

አትሳቅ፣ ምትኩ። ጥያቄ ጠይቀኸኛል፤ መልሱን በቀጥታ ብነግርህ እዚሁ እንደተቀመጥን ትከራከረኛለህ፣ ጠባይህን አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ መጠጡን ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። እሁድ ሽማግሌ ሆነው ላገባት ወዳሰብኳት ልጅ አባት ዘንድ ሲሄዱልኝ ስለ ድሮው ኑሮዬ ቢጠየቁ፣ ጨዋ ልጅ ነው ብለው ይለፉልኝ። ለእሷም አልነገርኳትም። ትቼው ያለፍኩትን ነገር ማንሳቱ ከማስደንገጥ በቀር ምን ይጠቅማል?» ነው ያልከኝ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ስትጠይቀኝም ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አሁን ግን መልስ አለኝ፣ መልሱም ይሄ ሰውዬ ነው።

ሰውየው የመኪና ቦዲ ሠራተኛ ነበር። የተጋጨ አውቶቡስ እየተጎተተ ወደ ጋራዡ ይገባል፤ እሱ ላሜራውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ያቃናዋል፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ይሞላዋል፣ ወዳጁ ቀለም ቀቢው ደግሞ ይቀባዋል። አውቶቡሱ እንደ አዲስ እያብረቀረቀ ይወጣል። ሁለቱ በዚህ ሙያ ስማቸው የተጠራ ነበር። የሰውየው ልብ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰማይ ላይ ነው። ሌላው ከሥራ በኋላ ወደ መዝናኛው ሲሄድ እሱ ጋራዡ ጓሮ ይቀራል፤ እየቆረጠ፣ እያጠፈ፣ እየቀጠቀጠ፣ ዓመት በዓመት ላይ እየደረበ ከአሉሚኒየም ላሜራ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ።

ላሜራውን ከላሜራው ጋር የሚያያይዘው በሪቬት ነው። ሪቬት ማለት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጭንቅላት ያላት ምስማር ናት፤ ጭንቅላቷ በውጭ በኩል ይቀራል፣ ጭራዋ በውስጥ በኩል ተደፍጥጦ ሁለቱን ላሜራ አንቆ ይይዛል። ክንፉ ላይ ብቻ ተቆጥረው የማያልቁ አሉ፤ እያንዳንዷን የመታው እሱ ነው። እኔ የወንበሬ እግር ሲላላ አናጺ የምጠራ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

አውሮፕላኗ ስታልቅ መብረር ተማረ። የሚመለከታቸው ባለሙያዎች መጡ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መረመሯት፣ ፈቀዱለት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ እየተነሳና እያረፈ ይለማመድ ጀመር። ያኔ ሚስቱ አጠገቡ አልነበረችም፤ እናቷ ታመው አገር ቤት ሄዳ ታስታምም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የመዶሻውን ጩኸት የቻለች እሷ ናት፤ ስለዚህ በስልክ አንድ ነገር አስጠነቀቀችው።

«ሁለተኛው ወንበር የእኔ ነው» አለችው። «እስክመጣ ማንም እንዳይቀመጥበት።»

እሱም ቃል ገባላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለማረፍ ዝቅ ብሎ መንኮራኩሮቹ መሬት እንደነኩ አንዲት ላም ከፊቱ ገባች። ላሟን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘ፤ አውሮፕላኗ ከመስመሯ ወጥታ ግራ ክንፏ ከኩይሳ ጋር ተላተመ። ኩይሳ ከሩቅ ሲያዩት አፈር ይመስላል፤ የተጋጨው ያውቀዋል። ላሟ ምንም አልሆነችም። እሱም ምንም አልሆነም። ክንፉ ግን መዳፍ በሚያህል ስፋት ተቀደደ።

ማታውኑ ለሚስቱ ደወለ። «ትንሽ ተጫጭራለች» አላት።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ።»

እንዲህ ያለችውን ወሬ አንተም ታውቃታለህ፤ እውነት ናት እንዳትባል ጎዶሎ ናት፣ ውሸት ናት እንዳትባል ደግሞ ጫፏ እውነት ነው። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም። በሕመምተኛ እናቷ ላይ ሌላ ጭንቀት አልጨምርባትም ብሎ ነው። አንተም ለልጅቷ «አሳዝናታለሁ» እያልክ ነው ዝም ያልከው፤ ይሄ ይገባኛል።

እንግዲህ ጥገናውን ጀመረ፤ መጀመሪያም እጁ የለመደውን ሠራ። የተቀደደውን ላሜራ ገልጦ ወደ ውስጥ ሲያይ ጉዳቱ ቀዳዳው ብቻ አልነበረም። በክንፉ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ፣ እንደ ቤት ወጋግራ ሸክሙን ሁሉ የሚችል ዘንግ አለ፤ እሱ ትንሽ ጎብጧል። ሰውየው የእንጨት መዶሻውን አነሳና እንደ አውቶቡስ ቦዲ ቀስ እያለ አቃናው። ምን የመሰለ ሥራ መሰለህ! ቀለም ቀቢው ማስመሪያ አምጥቶ ቢያስቀምጥበት በመካከል ብርሃን አላሳልፍ አለ። «ማን ይለየዋል?» አለ ወዳጁ። «በል ላሜራውን ክደንና ልቀባው።»

ሰውየው ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ምግብ አልበላ አለው። የተቃና አውቶቡስ መንገድ ላይ ቢሰበር ከመንገዱ ዳር ይቆማል፤ ተሳፋሪው እያጉረመረመ ይወርዳል፣ ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃል። እላይ ግን የሚቆሙበት የመንገድ ዳር የለም። ይሄ አሳብ አላስቀምጥ ሲለው ዘንጉን በደንብ አጠበና በማጉያ መነጽር ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። የጎበጠበት ቦታ ሥር ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ። አሉሚኒየም አንዴ ከጎበጠ በኋላ ቢያቀኑትም ለዓይን ነው ቀጥ የሚለው፤ ውስጡ ደክሟል።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ሰው ነገር ልቤን የሚነካው። ያን ማስመሪያ እንከን ያላገኘበትን ሥራውን ቆርጦ ጣለው። የጎበጠውን ብቻም አልነበረም የቆረጠው፤ ምንም ያልሆነውንም ጨምሮ ቆረጠ። አዲሱ ቁራጭ የሚያያዘው ከጤነኛው ብረት ጋር ስለሆነ፣ ጤነኛው ጋ እስኪደርስ መክፈት ነበረበት። በገዛ እጁ የመታቸውን ሪቬቶች አንድ በአንድ በድሪል አወጣቸው። ድሪሉ ከሪቬቷ መካከል ትንሽ ካንሸራተተ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ደህናውም ላሜራ ይበላሻል፤ ስለዚህ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሠራው። ቀለም ቀቢው ይሄን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ቀዳዳው መዳፍ ነበር» አለው። «አንተ በር አደረግኸው።»

«ጤነኛውን እስካገኝ ነው» አለ ሰውየው፤ መቁረጡን ቀጠለ።

ከዚያ አዲሱን የዘንግ ቁራጭ አዘጋጀ፣ በሁለቱም በኩል ጤነኛውን ብረት አልፎ እንዲደራረብ አድርጎ አስገባው፣ በላዩ ላይ አዲስ ላሜራ ለጠፈ። ሪቬት መምታት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ ሆኖ ይመታል፤ ሌላው ክንዱን ክንፉ ውስጥ አስገብቶ፣ ከሪቬቷ ጭራ ሥር ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። አይተያዩም። የውጩ ሰው ጭራዋ ደህና መደፍጠጧን ማየት አይችልም፤ የውስጡ ሰው በያዘው ብረት ላሜራውን አንዴ ካንኳኳ ደህና ናት ማለት ነው፣ ሁለቴ ካንኳኳ ደግመህ ምታ። የውስጡን ብረት ይዞ የዋለው ቀለም ቀቢው ነው፤ ክንዱ በላሜራ ጠርዝ ተጫጭሮ ዥጉርጉር ሆነ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ደግሞ በትንሽ መስታወት እያንዳንዷን ጭራ ያያል፤ የተጣመመች ካገኘ አውጥቶ እንደገና ይመታል። ወዳጁ ይሰድበዋል፤ እሱ እንደገና ይመታል።

ሥራው ሲያልቅ ክንፉ ከድሮው ይበልጥ ጠንካራ ነበር። ባለሙያዎቹም መጥተው አይተው መሰከሩለት።

«አሁን የእኔ ድርሻ ነው» አለ ቀለም ቀቢው። ድርሻው መሆኑስ እውነት ነው፤ ማን ይከለክለዋል? ስቱኮውን ስስ አድርጎ ቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ነጩን ቀለም ደረበበት። ባለቤቱ ራሱ ጥገናው ያለበትን ቦታ በእጁ ቢዳስስ እስኪጠፋው ድረስ አሳመረው። እጅ የሚያስም ሙያ ነው፤ በእሱ አልፈርድም።

የሚስቱ እናት ተሻላቸውና ሚስቱ ተመለሰች። በነጋታው የከተማው ሰው ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። አውሮፕላኗን ዞር ዞር ብላ አየቻት፤ ደስ ብሏታል፣ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። «የቱ ጋ ነው የተጫጨረችው?» ብላ ጠየቀች። ቀለም ቀቢው እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። በመዳፏ ግራ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሻሸችው፣ ምንም አላገኘችም። «እኔን ለማስፈራራት ነበር እንዴ የደወልከው?» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። መርገጫው ላይ እግሯን አደረገች።

ያን ጊዜ ሰውየው «ቆይ» አላት።

ወደ ዕቃ ሣጥኑ ሄዶ የቀለም ማጠቢያ፣ ጨርቅና መፋቂያ አምጥቶ ክንፉን ይፍቅ ጀመር። ሰው ሁሉ ያበደ መሰለው። ቀለም ቀቢው ገና እጁን እንዳጣመረ ነው፤ የራሱ ቆዳ የሚፋቅ ይመስል ፊቱ ተለዋወጠ። ነጩ ቀለም ለቀቀ፣ ስቱኮው ረገፈ፣ በር የምታህለው ልጥፍ ከነሪቬቷ ረድፍ በረድፍ ወጣች። ሰውየው የሚስቱን እጅ ይዞ እዚያ ላይ አደረገው።

«ከዚህ እስከዚህ ተሰብራ ነበር» አላት። «ተጫጨረች ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። ውስጥ ያለው ዘንግ ጎብጦ ነበር። አቃንቼው ነበር፣ ስንጥቅ አገኘሁበት፣ ቆርጬ ጥዬ አዲስ ተክቻለሁ። እኔ አምናታለሁ። አንቺ ግን ይሄን አይተሽ ነው መቀመጥ ያለብሽ።»

እሷ ልጥፏን ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ እግሯን ከመርገጫው አወረደች።

«ዛሬ አልወጣም» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ፣ የሳቀም አለ። ቀለም ቀቢው ወደ ወዳጁ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ይኸው፤ አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት?» አለው። ሰውየው አውሮፕላኗ ውስጥ ገባ፣ ሁለተኛውን ወንበር ባዶውን ይዞ ብቻውን በረረ።

ፊትህን እያየሁት ነው፣ ምትኩ። «ይኸው ነግሯት አጣት» እያልክ ነው። ትንሽ ታገሥ።

ተመልሶ ሲያርፍ ሚስቱ ሜዳው ላይ እየጠበቀችው ነበር። እሱን ሰላም ሳትለው በቀጥታ ወደ ክንፉ ሄደች። ተቆጥታለች፤ ለቀናት ስለ ሌላ ነገር አላናገረችውም። ስለ ክንፉ ግን ትጠይቀዋለች። ይሄ ለምንድን ነው? ያኛውስ? የተበላሸ ሪቬት በምን ይታወቃል? እሱም አስተማራት። የላላች ሪቬት ከቀዳዳዋ ጋር ስትፋተግ በዙሪያዋ ጭስ የመሰለ ጥቁር ታወጣለች። አንዷ ስትላላ ሸክሟ ወደ ጎረቤቷ ይዞራል፤ ጎረቤቷም ትላላለች፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ እሱ ሊበር ባለ ቁጥር እሷ ሜዳው ላይ ትገኛለች። ሌላውን ቦታ እንደነገሩ ታየዋለች፤ ያቺ ቀለም የሌላት ልጥፍ ጋ ስትደርስ ግን ትቆማለች፣ ጣቷን በረድፎቹ ላይ እያስኬደች ታያለች።

አንድ ጠዋት ሰውየው ፍተሻውን ጨርሶ ሊገባ ሲል ጠራችው።

«ይቺ ለምን ጠቆረች?»

ከረድፉ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ሪቬት በዙሪያዋ ስስ ጥቁር ክብ ሠርታለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አያት። እሱም ቅድም አይቷታል እኮ፤ ዓይኑ ግን አልፏት ነበር። የሠራ ሰው የሠራውን ሲያይ ደህና መሆኑን እየፈለገ ነው የሚያየው። ሪቬቷን ሲያወጧት ቀዳዳዋ ትንሽ ሰፍቶ ተገኘ፤ እስከ ሥር መርምረው ወፈር ያለች ሪቬት አስገቡ። በዚህኛው ጊዜ እሱ ከውጭ ሆኖ ሲመታ፣ ክንዷን ክንፉ ውስጥ አስገብታ ብረቱን የያዘችው ሚስቱ ነበረች። መጀመሪያ ሁለቴ አንኳኳች። እንደገና መታ። ከዚያ አንዴ አንኳኳች።

«አሁን እወጣለሁ» አለች፤ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ከከተማው በላይ ሲዞሩ ያየ ሁሉ እጁን አውለበለበ። ሲያርፉ ቀለም ቀቢው የቀለም ቆርቆሮውን ይዞ መጥቶ፣ እንግዲህ እርቅ ከወረደ ያቺን ቦታ ልቀባት ቢል እሷ ናት የከለከለችው። «እንዳትነካት» አለችው።

እንግዲህ ምትኩ፣ ነገሩ ይሄ ነው። ያ ክንፍ አንተ ነህ።

ተሰብረህ ነበር። ሰክረህ እየነዳህ የሰው አጥር ደርምሰህ ከሥራ የተባረርክበትን ቀን እኔም ሠፈሩም እናስታውሳለን። እንዴት እንደተጠገንክም አይቻለሁ። መጀመሪያ «በበዓል ብቻ እጠጣለሁ» ብለህ ልታቃናው ሞከርክ፣ አልሆነም። ከዚያ ቆረጥክ። መጠጡን ብቻ አልነበረም የቆረጥከው፤ የምትወዳቸውን ጓደኞችህን ተውክ፣ ያደግክበትን ሠፈር ለቀቅክ፣ ኳስ የምታይበትን ቤት እንኳ ተውክ። እነዚያ ምንም አልበደሉህም፤ ጤነኛው ጋ ለመድረስ ነው የቆረጥካቸው። እኔ ተሰብሮ ከማያውቅ ሰው ይልቅ አንተን አከብራለሁ። ፊት ለፊት ነግሬህ አላውቅም፤ ይኸው ነገርኩህ።

ግን ሁለተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅቷ ናት። የቱ ጋ እንደተሰበርክ ካላወቀች የቱ ጋ ታይልህ? አንድ ቀን ፊትህ ጠቁሮ፣ ቃል ሳትናገር ትገባለህ፤ ያላወቀች ሚስት «ደክሞታል» ብላ ራትህን ታቀርብልሃለች፣ ነገሩን ሳታይ ታልፈዋለች። ያወቀች ሚስት ግን «ይሄ ለምን ጠቆረ?» ትልሃለች። አንተ ራስህን ስታይ ደህና መሆንህን እየፈለግህ ነውና ላታየው ትችላለህ። ቀለሙ የሚጋርደው ከሰው ዓይን ብቻ እንዳይመስልህ።

ስትነግራት «አልወጣም» ልትልህ ትችላለች። ለዛሬ ይሁን ለሁልጊዜ እኔ አላውቅም። ይሄ የእሷ መብት ነው፤ እንደሚያምም አውቃለሁ፣ ቢያምህም አትቆጣት።

እኔን በተመለከተ፣ እሁድ ሽማግሌ ይሁኑኝ ስትለኝ ቀለም ቀባኝ ማለትህ ነበር። ያንን ሙያ አልተማርኩትም፣ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምረውም። ዛሬውኑ ሂድና ንገራት። ከነገርካት በኋላ «ይምጡ» ካለች፣ ነጠላዬን ለብሼ አባቷ ፊት እቆማለሁ፤ ስለ ጠባይህ ሲጠይቁኝም «ይህ ልጅ ተሰብሮ ነበር፤ ሲጠገን አጠገቡ ነበርኩ» እላቸዋለሁ። ስለ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት ሰጥቼ አላውቅም።